ጥቅምት በሆኖሉሉ፤ ለፕራይድ ለመውጣት ለምታስቡ ዜጎች

የምኖረው ሲያትል ነው። የከተማዋ የፕራይድ ሰልፍ፣ ማለትም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና የትራንስ ሰዎች ዓመታዊ በዓል፣ በጁን ወር የመጨረሻው እሑድ መሃል ከተማ ላይ ይካሄዳል። በዚያች እሑድ ግማሹ ሐበሻ ወይ ታክሲ ይዞ እዚያው ይዞራል፣ ወይ መኪና ማቆሚያ ይጠብቃል፣ ወይ ከቅዳሴ ወጥቶ ምሳ ይፈልጋል። አንድ ዓመት ነጠላ የለበሱ እናት ከሰልፉ ዳር አውቶቡስ ሲጠብቁ አይቼ ከመንገድ ተመልሻለሁ። የማን እናት እንደሆኑ እንኳን አላውቅም። ዜጋ ሆኖ (ተመሳሳይ ጾታ የምናፈቅር ሐበሾች እርስ በርሳችን የምንጠራራው እንዲህ ነው) በሐበሻ መሃል የኖረ ሰው ይህን ስሌት ያውቀዋል።

ሆኖሉሉን የመረጥኩት በዚሁ ምክንያት ነበር። የሐዋይ ዋና ከተማ ሰልፏን የምታደርገው በጁን ሳይሆን በኦክቶበር ነው፤ ማለትም በእኛ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት። ከሲያትል 4,300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አውሮፕላኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ከውቅያኖስ በላይ ይበራል። እዚያ ማን ያውቀኛል? ያወቀኝ ሰው ግን ተገኘ፤ ያውም አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ። ይህን የምጽፈው ግርግሩ ካለፈና ልቤ ከተረጋጋ በኋላ ነው። እንድትቀሩ አልመክርም፤ ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ፊታችሁን ማን ቢያየው እንደምትችሉት ማን ቢያየው ደግሞ እንደማትችሉት ለራሳችሁ በግልጽ ተናገሩ።

ከእኛ ብዙዎቹ የሚቀሩት በወረቀት ፍርሃት ስለሆነ ከወረቀት ልጀምር። ሐዋይ ከአሜሪካ ግዛቶች አንዷ ስለሆነች ከአሜሪካ ውስጥ ተነስቶ ለሚበር ሰው የኢሚግሬሽን ፍተሻ የለም። ከሜይ 2025 ወዲህ በአውሮፕላን ማረፊያ ሪል አይዲ የሚባለው መታወቂያ ይጠየቃል፤ ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠብቁ ሰዎች ግን የሥራ ፈቃድ ካርዳቸውን ማሳየት ይችላሉ። ቢሆንም ጊዜው የሚለዋወጥ ነውና ጠበቃችሁን ሳታማክሩ ትኬት አትቁረጡ። በካናዳ ወይም በሜክሲኮ የሚያልፍ ርካሽ በረራ ደግሞ ፈጽሞ አትግዙ፤ ከአገር መውጣት ጉዳያችሁን ሊያበላሸው ይችላል።

ጀበና ይዞ መሄድ ይቻላል፣ ጥሬ ቡና ግን አይቻልም። ደሴቶቹ ራሳቸው ቡና አብቃይ ስለሆኑ በሽታና ተባይ እንዳይገባባቸው ያልተቆላ ቡና ያለ ልዩ ፈቃድ አያስገቡም። ከመድረሳችሁ በፊት የሚሞላ የእርሻ ቅጽም አለ፤ ዘር፣ ተክልና ፍራፍሬ ከያዛችሁ አትደብቁ። አብሮን የሄደው የዳላስ ጓደኛችን ቡናውን ቤቱ ቆልቶ ነበር የመጣው፤ የሆቴሉን የጭስ ማስጠንቀቂያ ሊያስጮኸው የደረሰው በእጣኑ ነው። ስለ ሆቴል ካነሳን፣ ዋይኪኪ በሚባለው የሆኖሉሉ የባሕር ዳርቻ ሰፈር ያሉ አብዛኞቹ ሆቴሎች ከክፍሉ ዋጋ በላይ በየቀኑ የሪዞርት ክፍያ ይጨምራሉ፤ 40 እና 50 ዶላር የሚደርስ አለ። ርካሽ የመሰለው ክፍል ብዙ ጊዜ ርካሽ አይደለም፤ ጠቅላላውን ድምር አይታችሁ ክፈሉ።

አራት ነበርን፤ የተዋወቅነውም በኢንተርኔት ነው። ዕድሜው ከሁላችንም ስለሚበልጥ ጋሼ የምንለው የዳላሱ ሰው፣ ከሚኒያፖሊስ የመጣ ወጣት፣ ከዋሽንግተን የመጣች እህት እና እኔ። አገር ቤት ጥቅምት ሲገባ ሰው ብርዱን እየፈራ አጥንት ይቀቅላል፤ እዚህ በጥቅምት ከጥላ የወጣ ሰው ይቀቀላል። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ስትገዙ ኦክሲቤንዞን እና ኦክቲኖክሴት የሌለበትን ምረጡ፤ የባሕር ውስጥ ኮራልን ስለሚጎዱ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ሐዋይ ውስጥ አይሸጡም። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የምትሉ ሁሉ የወጣቱን ትከሻ ብታዩት ኖሮ ሐሳባችሁን ትቀይሩ ነበር። በባሕር ዳርቻ መናፈሻዎች መጠጥ መጠጣት ክልክል ነው፣ ማጨስም እንዲሁ። በጾም ቀን የምትቸገሩ ከሆነ ፖይ ጠይቁ። ከጎደሬ ተፈጭቶ የሚሠራ ገንፎ ነው፣ ሲቆይ ይኮመጥጣል። አሜሪካውያኑ ፊታቸውን ያጨማድዱበታል፤ በእንጀራ ያደገ ምላስ ግን አይደነግጥም።

ለእኔ ከሰልፉ ይልቅ የከበደው የዋዜማው ምሽት ነው። ኩሂዮ በሚባለው የባሕር ዳርቻ፣ በፖሊስ ጣቢያው እና በዋናተኛው በዱክ ካሃናሞኩ ሐውልት መካከል አራት ትልልቅ ድንጋዮች ታጥረው ቆመዋል። ከፖሊስ ጣቢያ አጠገብ መሆናቸውን ስናይ የወጣቱ እግር ሳያስበው ወደኋላ ዞረ። አዲስ አበባ ያደገ ዜጋ እግሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ክንዱን ይዞ መለሰው።

እንደ ደሴቶቹ ትውፊት ከብዙ ዘመን በፊት አራት ሐኪሞች ከታሂቲ ወገን ባሕር ተሻግረው ወደ ዋይኪኪ መጡ። ማሁ ነበሩ፤ በውስጣቸው ወንድነትም ሴትነትም አብሮ ያደረባቸው። ድምፃቸው ለስላሳ፣ ጠባያቸው ትሑት፣ እጃቸው ፈዋሽ ነበር፤ ሕዝቡም ወደዳቸው። የሚሄዱበት ጊዜ ሲደርስ ሕዝቡ ካይሙኪ ከሚባለው ቦታ አራት ግዙፍ ድንጋዮች አምጥቶ ለመታሰቢያቸው አቆመ። ሐኪሞቹ ስማቸውንና ኃይላቸውን ለድንጋዮቹ ሰጥተው ተሰወሩ። የዋናው ስም ካፓኤማሁ ይባላል። በ1941 እነዚህ ድንጋዮች የቦውሊንግ መጫወቻ ሲሠራባቸው ከሥሩ ተቀበሩ፤ በ1960ዎቹ እንደገና ወጡ። ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን ከጎናቸው የነበረው ጽሑፍ ስለ ፈውሱ እንጂ ሐኪሞቹ ማሁ ስለ መሆናቸው አንዲት ቃል አይናገርም ነበር። ያልወደዱትን ታሪክ በዝምታ ማለፍ የእኛ አገር ብቻ ልማድ ይመስለኝ ነበር።

እዚያ ቆመን ሳለ ሁሉም አንቲ (አክስቴ እንደ ማለት) የሚሏት አንዲት አዛውንት፣ ራሷም ማሁ የሆነች፣ ለድንጋዮቹ የአበባ ጉንጉን ይዛ መጣች። እኛም ሳናስበው አንቲ ማለት ጀመርን፤ ትልቅን በስሙ ብቻ አለመጥራት ለሐበሻ አዲስ አይደለም። የቀድሞ አለቆች አይካኔ የሚባሉ የወንድ ወዳጆች እንደነበሯቸው፣ በ1779 ከእንግሊዛዊው አሳሽ ከካፒቴን ኩክ ጋር የመጡት መርከበኞች እንኳን ይህን ጽፈው እንዳስቀሩት ነገረችን። በ1820 ሚሲዮናውያን ከመጡ በኋላ ነገሩ እየተለወጠ ሄደ። በ1960ዎቹ ደግሞ ሆቴል ስትሪት በሚባለው ሰፈር ግሌድ በተባለ የምሽት ቤት የሚሠሩ ማሁዎች ‹‹እኔ ወንድ ነኝ›› የሚል ባጅ ደረታቸው ላይ እንዲያደርጉ ይገደዱ ነበር፤ ያለዚያ ፖሊስ ሰውን አታላችኋል ብሎ ይይዛቸው ነበር። አንቲ ስለ ፕራይድ ሰልፉ ስትጠየቅ ግን ፊቷን አኮሳተረች። ‹‹ከማሁ ይልቅ ባንክ ይበዛበታል›› አለች። በማግሥቱ የድርጅቶቹን መኪኖች ስናይ እውነቷን እንደሆነ ገባን።

ስንለያይ ለአራታችንም የአበባ ጉንጉን በአንገታችን አደረገችልን፤ ሌይ ይሉታል። ሲሰጧችሁ እንቢ አትበሉ፣ በሰጪው ፊትም አታውልቁት። ሲጠወልግ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይጣልም፤ ክሩን አውጥታችሁ አበባውን ዛፍ ሥር መልሱት። በሰው አገር ለበዓል መጥታችሁ የአገሩን ሰው ሳታውቁ አትመለሱ፤ ሰልፉ ከመድረሱ በፊት አንድ ቀን ለዚህ ተዉ።

ሰልፉ የሚነሳው አላ ሞአና ከሚገኘው ማጂክ አይላንድ ነው፤ በንጉሥ ካላካዋ ስም በሚጠራው ጎዳና አልፎ ካፒኦላኒ መናፈሻ ያበቃል። ውኃ ያዙ፣ ኮፍያ ያዙ፣ ጫማችሁ የለመዳችሁት ይሁን። መንገዱን የሚዘጉት ፖሊሶች ናቸው፤ አንዱ ወጣቱን ‹‹መልካም በዓል›› ሲለው ልጁ መልስ ጠፍቶት እጅ ነሣ። ሁላ የሚባለው የሐዋይ ባህላዊ ጭፈራ ጨፋሪዎች አለፉ። ፋአፋፊኔ የሚባሉት፣ እንደ ማሁ ያሉ የሳሞአ ተወላጆች፣ ጆሯቸው ላይ አበባ ሰክተው እንደ ንግሥት እየተራመዱ አለፉ። አንድ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር በመዝሙር ሲያልፍ እኔና የዋሽንግተኗ እህት ተያየን፣ ምንም አልተባባልንም። ከጎናችን የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ለመጋባት ከ1993 ጀምሮ እንደጠበቁ ነገሩን። በዚያ ዓመት የሐዋይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥንዶችን በጾታቸው ምክንያት ጋብቻ መከልከል በሕገ መንግሥቱ መድልዎ ሊሆን ይችላል ብሎ ወሰነ፤ በ1998 መራጩ ሕዝብ በሩን መልሶ ዘጋው፤ በ2013 መጨረሻ ሕጉ ወጣ። እነርሱም በዚያው ሰሞን ተጋቡ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ጎጆ ውስጥ ሆኖ መጠበቅ!

ያኔ ነው የሰማሁት። በዚያ ሁሉ ከበሮና ጩኸት መካከል ጆሮ አማርኛን ለይቶ ይሰማል። ‹‹እንዴ! ሐበሾች ናቸው!›› ከእግረኛ መንገዱ ላይ አንዲት ሴት ስልኳን ቀጥ አድርጋ ይዛ ትስቃለች። ወጣቱ አንገቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሻርፕ አድርጎ ነበር፤ እርሷን የጠራት ያ ነው። ስንጠጋት ዞር ብላ ሄደች።

ማታ ላይ ስልኬን ስከፍት ታላቅ እህቴ ደጋግማ ደውላለች። በሐዋይና በኢትዮጵያ መካከል የ13 ሰዓት ልዩነት አለ። እኛ ዘንድ ቅዳሜ ምሽት ነው፣ እዚያ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት፤ ሰው ከቅዳሴ ተመልሶ ስልኩን የሚከፍትበት ሰዓት። ቪዲዮው ከቲክቶክ ተነስቶ የሰፈር የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ደርሷል። የላከችልኝ ጽሑፍ አንድ መስመር ነበር፦ ‹‹እማዬ አላየችም፤ ስልኳን ደብቄዋለሁ።››

ከዚህ ጀምሮ ያለውን በጥሞና አንብቡልኝ፤ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ስሜት መካድ ነው። ‹‹እኔ አይደለሁም፣ መንገድ ላይ አልፌ ነው፣ ሥራ ቦታ ልኮኝ ነው።›› ጋሼ ስልኬን ከእጄ ወስዶ፣ ‹‹ዛሬ ለማንም አትመልስ፤ ለእህትህ ብቻ ‘ደህና ነኝ፣ ነገ እደውላለሁ’ ብለህ ላክና ተኛ›› አለኝ። እርሱ ከዓመታት በፊት በተመሳሳይ ጉዳይ ተገኝቶ ክዶ ያውቃል። የካደ ሰው፣ ይላል ጋሼ፣ ለሚያሳድዱት ሥራ ይሰጣል፤ ማስረጃ ፍለጋ ይወጣሉ። ዝም ያለ ሰው ግን ለወሬው የሚጨምርለት ነገር የለም። አልተኛሁም፤ ግን አልመለስኩም፣ ይኸውም ረዳኝ።

በዚያው ሌሊት የሠራነው ሥራ ይህ ነው። በቪዲዮው ላይ ማናችንም አስተያየት አልጻፍንም፤ የሚከራከርም የሚሳደብም ሰው ቪዲዮውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ወዳጆቻችሁንም ይህን ለምኗቸው። ሊንኩንና የለጠፈውን አካውንት ስም መዝግበን ያዝን፣ ከዚያ ፊታችን የሚታይ ሁላችን በየራሳችን ስም የግል ሕይወታችንን ይነካል ብለን ለቲክቶክ አመለከትን። ማኅበራዊ ገጾቻችንን ዘጋን፣ የጓደኛ ዝርዝራችንን ሰወርን፤ አስተያየት ሰጪዎች ስም የሚያድኑት ከዚያ ነውና። ቪዲዮው በኋላ ወርዷል። ከስልክ ስልክ የተቀባበሉት ቅጂ ግን አይወርድም፣ ስለዚህ ዋናው ሥራ ከመለቀቁ በፊት ነው። ከጓደኞቻችሁ ጋር ከሆቴል ሳትወጡ ተነጋገሩ፤ ከመካከላችሁ ፊቱ መታየት የሌለበት አንድ ሰው እንኳን ካለ ባንዲራው ለዚያ ቀን ሻንጣ ውስጥ ይቆይ። ባለ ባንዲራውን ሐበሻ ከሩቅ ያየዋል። ትልቅ የፀሐይ መነጽርና ኮፍያ ይበቃል፤ በአንገት የሚታወቅ ማተብ ወይም መስቀል ካላችሁ ሸሚዝ ውስጥ ይግባ። ሰልፉ በአደባባይ ስለሆነ ማንም ቢቀርጻችሁ መብቱ ነው፤ ካሜራም አይጠፋም። ሰልፍ ውስጥ ከመግባት ይልቅ መጨረሻው ካፒኦላኒ መናፈሻ ላይ በዛፍ ጥላ ሆኖ በዓሉን ማየትም ይቻላል። በዓል አይጎድልበትም።

ማግሥቱን ወደ ኩዊንስ ሰርፍ ሄድን፤ ከመናፈሻው ፊት ለፊት ያለ፣ ወገኖቻችን ለረጅም ዘመን የሚሰበሰቡበት የባሕር ዳርቻ ነው። ከማዶ ከ1974 ጀምሮ የቆየው ሁላስ የሚባለው መጠጥ ቤት አለ። ባሕር ከመግባታችሁ በፊት የጨረቃን ቀን ቁጠሩ፦ ሙሉ ጨረቃ ከሆነች ከ8 እስከ 10 ቀን በኋላ በዋይኪኪ ዳርቻ የሚናደፉ ጄሊፊሾች ይመጣሉ፤ የሕይወት አድን ሠራተኞች ምልክት ሲያቆሙ አትግቡ። እዚያ አሸዋ ላይ ተቀምጬ ለእህቴ ደወልኩ።

‹‹እታለም፣ ያየሽው እኔ ነኝ›› አልኳት።

ብዙ ዝም አለች። ከዚያ፣ ‹‹ከስተሃል፤ ትበላለህ ወይ?›› አለችኝ። ቀጥላ አለቀሰች፣ ቀጥላ ተቆጣች፣ ጸበል እንድጠመቅ ለመነችኝ፤ እኔም አልተከራከርኩም። በአንድ ስልክ ጥሪ ሁሉን ለማስረዳት አትሞክሩ። አንድ እውነት ተናገሩና ሌላውን ለሌላ ቀን አቆዩት። መጀመሪያ የምትነግሩት ሰው ደግሞ በጣም የሚያከብራችሁ ሳይሆን በጣም የሚሳሳላችሁ ይሁን።

ወንድሜ መልስ አልሰጠኝም። ከአጎቶቼ አንዱ ስሜ እንዳይነሳ በቡድኑ ውስጥ ጻፈ። የወር መጨረሻ ሲደርስ ግን የሐዋላ ቁጥር በዚያው በአጎቴ ስልክ፣ ያለ ሰላምታ ተላከልኝ። ሳቅሁም አለቀስኩም፤ ላክሁም። ብሩን አቁሞ ማስለመን ቀላል ነበር፣ ብዙዎች ይህን እንዳደርግ መከሩኝ። እኔ ግን እላለሁ፦ ገንዘቡን ቅጣትም አታድርጉት፣ የይቅርታ መግዣም አታድርጉት። ለእናታችሁ መድኃኒት ትልኩ ከነበረ መላካችሁን ቀጥሉ፤ ዝም ላላችሁ ሰው ግን ዝምታውን ለማስተው ብላችሁ አትጨምሩ። ይህን መስመር ለማግኘት ወራት ፈጅቶብኛል።

በእነዚያ ወራት ከአልጋ መነሳት ያቃተኝ ጊዜ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ያላችሁ፣ ሐሳባችሁ ወደ መጥፎ ከሄደ 988 ደውሉ፤ በየትኛውም ሰዓት ሰው ያነሳል። ጓደኞቼ በየማታው በተራ ይደውሉልኝ ነበር፤ ወጣቱ በሻርፑ ምክንያት ራሱን ሲወቅስ እርሱን ማጽናናት እኔንም አቆመኝ። እናቴ አሁንም አታውቅም፤ ወይም እንደማታውቅ ሆና ትኖራለች። እህቴ በየሳምንቱ ትደውላለች፣ ስለዚያ ነገር አናወራም፤ አንድ ቀን ግን የአበባው ጉንጉን ፎቶ ላይ አይታው ኖሮ ከምን እንደሚሠራ ጠየቀችኝ።

አገር ቤት፣ ሪያድ ወይም ቤይሩት ሆናችሁ ይህን ለምታነብቡ የምሰጠው ምክር ሌላ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል፤ የሳዑዲው ከዚህ የከፋ ነው። እኛ የምንለጥፈውን የፕራይድ ፎቶ በራሳችሁ አካውንት አትውደዱት፣ አስተያየትም አትጻፉበት፤ ማየታችሁ ለእኛ ይበቃናል። ‹‹እኔም እንዳንተ ነኝ›› ብሎ ድንገት ለሚጽፍላችሁ የማታውቁት ሰው ስም፣ ፎቶና ሰፈር አትስጡ፤ በዚህ መንገድ የተያዙና የተዘረፉ አሉ። ስልካችሁን ለታናናሾቻችሁ ስታውሱ የተመለከታችሁትን ታሪክ አጥፉ። ሕይወታችሁ አደጋ ላይ ከሆነ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙትን ሀውስ ኦፍ ጉራማይሌን ወይም እንደ እኛ ያሉ ሰዎች ከአደጋ እንዲያመልጡ የሚረዳውን ዓለም አቀፍ ድርጅት ሬይንቦው ሬይልሮድን ፈልጉ፤ ስትጽፉላቸውም ከቤት ኢንተርኔት ሳይሆን ከራሳችሁ የሞባይል ዳታ ጻፉ፣ ከላካችሁ በኋላም መልእክቱን አጥፉ።